የወንዝ ዳሩ ማሳ

አያታችን ያላቸውን ነገር ሰው ባደነቀላቸው ቁጥር፣ «የአደራ ነው፣ ልጄ» ይሉ ነበር። በሬውም፣ ቤቱም፣ እኛ የልጅ ልጆቻቸውም የአደራ ነበርን። እኔ ለወግ ያህል የሚሉት ይመስለኝ ነበር።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን መሬት እንደገና ሲደለደል፣ አያታችን ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ የለቀሙለት የወንዝ ዳሩ ማሳ፣ መሬት ላልነበረው ለጎረቤታችን ወጣት ደረሰው። አባቴ ደሙ ፈላ።

«እርስዎ ቢተዉትም እኔ አላሳርሰውም!» አላቸው።

አያታችን ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። ተከተልኋቸው። ማሳው ዳር ተንበርክከው፣ አፈሩን በመዳፋቸው ዘግነው አለቀሱ። ምን ያህል ይወዱት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እንባቸውን ጠርገው ወጣቱን ከቤቱ ጠሩት።

«ና፣ ውኃ የሚተኛበትን ላሳይህ። እዚህ ጋ ቦይ ካላወጣህለት ዘሩ ይበሰብስብሃል» አሉት።

«አባ፣ ይቀየሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እኔስ ይዤው ልቀበር ኖሯል? ይልቅ ይባርክልህ» አሉና ከዳር እስከ ዳር እያዞሩ አሳዩት።

አያታችን ካረፉ ወዲህ ክረምቱ እንደገና ገብቷል። ከፍኖተ ሰላም ለሰንበት ስመጣ ደጃፉ ላይ ያለው መደባቸው ባዶውን ይጠብቀኛል፤ ከቤተሰቡ የሚቀመጥበት የለም። እግዚአብሔር ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። የሚወዱትን እንዴት እንደሚለቁ አሳይተውናል፤ እሳቸውን መልቀቅ ግን እስካሁን አልሆነልንም።