ሮቶውን በሌላ በኩል መዞር

የወሰዱኝ ከቀበሌ ስብሰባ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው ከተባለ ፈረቃው ለሁሉም ይሁን፤ ለላይኛው ሰፈር ውሃ ወርዶ ለእኛ ቧንቧ አየር ብቻ የሚመጣው በየትኛው ሕግ ነው ብዬ ተነስቼ ጠየቅሁ። ሰው አጨበጨበ። ያስከፋቸው ጭብጨባው ይመስለኛል። ስንወጣ ሁለት ፖሊሶች ለጥያቄ ይፈለጋሉ አሉኝ። አንደኛው ክንዴን ሊይዝ ሲል ራሴ እሄዳለሁ አልኩና፣ በወልቂጤ ዋና መንገድ ባለባጃጁ ሁሉ እያየኝ ከፊታቸው ሄድኩ።

ያስገቡኝ የሴቶች እስር ክፍል ድሮ መጋዘን የነበረ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን ቀን ይጋረፋል። በረኪናና ላብ ይሸታል። ሴቶቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ አንዲት ቀጭን ልጅ ብድግ አለችና በቋንቋችን፣ በጉራጊኛ፣ ቦታዬን ይውሰዱ አለችኝ። እንደኔው የቸሃ ጉራጌ ልጅ ናት።

ሯጭ ናት። ውሃ ይምጣልን ብለው ከወጡት ወጣቶች ጋር ነው የያዟት። አዲስ አበባ ያለ አንድ ክለብ ሊፈትናት ቀጥሯት ነበር፤ ቀኑ ገና ስለሆነ ቶሎ ከተፈታች ትደርሳለች። ሰውነቴ ሩጫ እንዳይረሳ ብላ፣ ፀሐይ እንድንሞቅ በሚያወጡን ሰዓት እኛ ስንራመድ እሷ ትሮጣለች። ግራ ቅልጥሟ ግን ያማት ጀምሮ ነበር። ወጌሻ መሆኔን ስትሰማ እግሯን ጭኔ ላይ ዘረጋችው።

ከጉልበቷ ጀምሬ በአውራ ጣቴ ወረድኩ። ከውስጥ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ስደርስ ትንፋሿን ዋጠች። ውልቃት አይደለም፤ ወለምታም አይደለም። ልጆቼ ከቆጮና ከአይብ ጋር ቅቤ ላኩልኝ። ጠባቂው ቆጮውን በእንጨት እየወጋ ፈተሸ፣ ቅቤውንም አማስሎ አሳለፈው። በዚያ ቅቤ ጠዋት ጠዋት አሸኋት። ሳሻት ስለ እናቷ የእንሰት ጓሮ በቋንቋችን ታወራኛለች። ከልጅ ልጆቼ አንዳቸውም እንዲህ አውርተውኝ አያውቁም፤ እነሱ የሚያዩት ስልካቸውን ነው።

ከዚያ በኋላ አንዲት አስተማሪ አስገቡ። ወላጆቿ ከሰሜን ለሥራ መጥተው የቀሩ፣ ቡታጅራ ተወልዳ ወልቂጤ ስፖርት የምታስተምር ሴት ናት። ፌስቡክ ላይ በጻፈችው ነገር ነው ያሰሯት። እኔ ልጅቷን ሳሽ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ "እማማ፣ አይቀየሙኝና እዚያ ቦታ ላይ ባይጫኑት" አለች።

ለምን አልኳት። የታመመው አጥንቱ ራሱ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ቦታ ላይ ጫና ሲደጋገም ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ያወጣል፣ ማሸት ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም አለች። ከዚያ ልጅቷን ትጠይቃት ጀመር። መቼ ጀመረሽ፣ ስትሮጪ ነው ወይስ ካቆምሽ በኋላ፣ ከመታሰርሽ በፊትስ ነበረ። እኔ ከዚህ አንዱንም አልጠየቅኋትም። እጄ ቅቤ እንደሆነ ተቀመጥኩ።

"እኔ የምነጋገረው ከአጥንት ጋር ነው፤ አንቺ ከአፍ ጋር" አልኳት። ሴቶቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ይሄ ነው የባሰ ያናደደኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ የሷ ሆነች። ወሬዋ ሁሉ ቲቸር፣ ቲቸር። ፍራሿን ወደ አስተማሪዋ አዞረች። ቋንቋችንን ትታ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ። እሷን እንደ እህት አንቺ፣ እኔን አንቱ። በዚያ ክፍል ፍርድ የምሰጠው እኔ ነበርኩ፤ በሩ አጠገብ ያለው አየር የሚገባበት ቦታ በተራ እንዲሆን ያደረግሁት፣ ስንቅ ያልመጣላት ከመጣላት ጋር ትብላ ያልኩት እኔ ነኝ። የአስተማሪዋ ተራ ሲደርስ ልዘላት አሰብኩ። አልዘለልኳትም፤ ፊቴን ግን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አስተማሪዋ መጀመሪያ የጠረጠረችው ጫማውን ነው። የጫማ ማሰሪያ በር ላይ ይወሰዳል። ልጅቷ ጫማው እንዳይወልቅ በእግር ጣቶቿ ቆንጥጣ ይዛው ነው የምትሮጠው፣ ቅልጥሟን የሚያደክማት ይሄ ነው አለች። ጨርቅ ቀደው ጠቀጠቁበት። ሕመሙ ቀለል አለ እንጂ አልሄደም። እሰይ አልኩ፣ በሆዴ።

እሷ ግን አልተረታችም። በማግስቱ ግቢ ስንወጣ ግድግዳ ተደግፋ ልጅቷን ብቻ ስታይ ዋለች። ግቢው ጠባብ ነው። መሃሉ ላይ የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ተቀምጧል፤ ባዶ ነው። ሁላችንም እሱን የምንዞረው ወደ ግራ እየታጠፍን ነው፤ በሌላ በኩል መዞር አይፈቀድም። ጠባቂው ለመቁጠር እንዲመቸው ነው ይባል ነበር።

መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "እማማ፣ ዙሩ ጠባብ ነው። ሁልጊዜ ወደ አንድ በኩል ስትታጠፍ ክብደቷ የሚያርፈው በውስጠኛው እግሯ ላይ ነው። እርስዎ ያገኙት ቦታ ላይ።"

እርስዎ ያገኙት ማለቷን ሰምቻለሁ።

መፍትሔውንም ተናገረች። ሩጫውን ለጊዜው ማቆም፣ መራመድ ብቻ፣ ሕመሙ ሲጠፋ በዝግታ መጀመር፣ ዙሩን ደግሞ በግራና በቀኝ ማፈራረቅ። አለበለዚያ አጥንቱ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ክለብ የሚባል ነገር የለም። ልጅቷ በስንት ልመና ሩጫውን አቆመች። ስትራመድም ግን በዚያው በኩል ስለሆነ ታነክሳለች። አስተማሪዋ ሄዳ ጠባቂውን ልጅቷ በሌላ በኩል እንድትዞር ይፈቀድላት ብላ ለመነችው።

"ቲቸር፣ እዚህም ክፍል ከፈትሽ?" አላት።

ተመልሳ ስትቀመጥ ፊቷ ቀልቶ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ሁለት እግር ያለው ሰው ሸክሙን ሁሉ በአንዱ ይሸከም ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

በማግስቱ ሲያወጡን እንደ ወትሮው ፊት ፊት የምሄደው እኔ ነበርኩ። በእኛ አገር ታናሽ ታላቁን ቀድሞ አይሄድም፤ እዚያም ማንም ቀድሞኝ አያውቅም። ሮቶው ጋ ስደርስ በስተቀኜ አድርጌው በሌላው በኩል ዞርኩ። ከኋላዬ ኮቴው ሁሉ ቆመ። ዞሬ አላየሁም። ትንሽ ቆይቶ የነጠላ ጫማ ድምፅ ተከተለኝ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

"ማዘር፣ በዛ በኩል ነው" አለ ጠባቂው።

"በዚህም ያደርሳል።"

"ሥርዓት ነው እኮ።"

"የማን ሥርዓት?" አልኩት። "አንተ የምትፈልገው ቁጥር ነው። ቁጠረን። አንዲት ከጎደለች እመለስልሃለሁ።"

ቆጠረን። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። የጎደለች የለችም። እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኛ አዙሮ ተቀመጠ።

ልጅቷ ከኋላዬ ነበረች። አሁን ታመሰግነኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"አየሽ፣ ቲቸር?" አለች። በአማርኛ።

ከዚያ ወዲህ ሮቶውን አንድ ቀን በዚህ፣ አንድ ቀን በዚያ ዞርነው። ልጅቷ ማንከሱን ተወች፤ ከመፈታቷ በፊት በዝግታ መሮጥ ጀምራ ነበር። ክለቡም ወሰዳት። ለመስቀል ትደውልልኛለች። ከጤናዬ ቀጥላ የምትጠይቀኝ ስለ ቲቸር ነው፤ አንዳንዴም አስቀድማ።

ዛሬም ሯጮች እግራቸውን ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። እጄን ቅቤ ሳላስነካ በፊት እጠይቃቸዋለሁ፤ የት ነው የምትሮጡት፣ አስፋልት ላይ ከሆነ በየትኛው ጠርዝ፣ ስትመለሱስ በዚያው ነው ወይ፣ ጫማችሁን አሳዩኝ። ባለፈው አንዱ ሁልጊዜ በጅማ መንገድ ያዘቀዘቀው ዳር ላይ፣ በአንድ በኩል ብቻ እንደሚሮጥ ነገረኝ። ሳልነካው መለስኩት፤ መንገድ ቀይር ብዬ።

ይህን ማን አስተማረዎት ይሉኛል። አብራኝ የታሰረች አስተማሪ እላለሁ፤ የሷን የኔ ማለት ሌብነት ነው። ስሟን ሲጠይቁኝ ግን፣ እሱን ራሳችሁ ፈልጉ እላቸዋለሁ።