ግራው ከላይ

አዳነች በአሜሪካ ከፌደራል ዌይ ከተማ ወደ ሲያትል እየተመላለሰች አቅመ ደካሞችን ስትንከባከብ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እጇ ፈጣን ነው፤ ሰው ማልበስማ ዓይኗን ጨፍና የምትሠራው ነው። ያቺው ፍጥነቷ ናት ጉድ የሠራቻት።

የምትንከባከባቸው ጃፓናዊት፣ ሚስስ ኖዳ፣ ስትሮክ አንደበታቸውን ዘግቶ ቀኝ እጃቸውን ካሰነፈው ወዲህ የቀራቸው ምኞት አንድ ነበር፤ የልጅ ልጃቸውን ኤሚን በራሳቸው የሰርግ ልብስ መዳር። ልብሱ ሁለት ነው፤ ከውስጥ ገላ ላይ የሚጠመጠም ነጭ ሐር፣ ከላይ እንደ ካባ የሚደረብ ቀይ። በቀዩ ላይ በወርቅ ክር የተጠለፉ ሽመላዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይበርራሉ፤ ከጓደኛው የማይለይ ወፍ ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ከሥራቸው ቅጠሉ የማይረግፍ ጥድ አለ። አያትየዋ በገዛ እጃቸው ሊያለብሷት ቃል ገብተው ነበር፤ እጃቸው አልታዘዝ ሲል አዳነች እጅ እንድትሆናቸው ተለመነች።

በልምምዱ ቀን አዳነች ነጩን ኤሚ ላይ ጣል አደረገችና፣ እንደ ሴት ሸሚዝ ቆጥራ፣ ቀኙን በግራው ላይ ደረበችው። ሚስስ ኖዳ ከዊልቸራቸው ተንጠራርተው በደህናው እጃቸው እጇን መቷት። እንባቸው ወረደ። አዳነች ክው አለች፤ እንጀራዬ ዛሬ ተቆረጠ ብላ ነበር።

ኤሚ በእርጋታ አስረዳቻት። በሕይወት ያለ ሰው ግራውን ከላይ ያደርጋል፤ ቀኙ ከላይ የሚውለው ለሬሳ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ለዚህ ነው ወይ ይህ ሁሉ ይል ነበር። አዳነች ግን ለእናቷ ለቅሶ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ናት፤ ነጠላ አዘቅዝቆ ሰርግ ቤት መግባት ምን እንደሆነ ነጋሪ አያሻትም። ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች።

"ይቅር ይበሉኝ፣ ማማ" አለች በአማርኛ፤ "ሙሽራዋን ገነዝኳት።"

ቃሉ ባይገባቸውም፣ የመቱትን እጅ ይዘው ጉንጫቸው ላይ አሳረፉት።

ከዚያ ወዲያ አዳነች የገዛ ጋውኗን ስትለብስ እንኳ "ግራው ከላይ" ሳትል አትውልም። በሰርጉ ዕለትም ግራው ከላይ ሆነ። ሽመላዎቹ በኤሚ ትከሻ ላይ ተዘረጉ፤ አያትየዋ አዩ፤ ጠገቡ።

በአራተኛው ወር ሚስስ ኖዳ አረፉ። ኤሚ ነጩን ልብስ ይዛ መጣችና፣ "እጇ አንቺ ነበርሽ፤ አንቺው አልብሻት" አለቻት።

አዳነች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአስከሬኑ አጠገብ ቆመች። የለመደ እጇ ግራውን አነሣ። መለሰችው። ቀኙን ቀስ ብላ በግራው ላይ ደረበች፤ እጇንም እዚያው ጥቂት አቆየችው። የሚመታት አልነበረም።