ሦስት የሰጠነው አገልጋይ

ረዳት ፓስተራችን የሁለት ዓመት የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ከዚህ በኋላ ወይ እጅ ተጭኖበት ቋሚ አገልጋይ ይሆናል፣ ወይ ይሰናበታል። ቪዛው የተያያዘው ከዚሁ ሥራ ጋር ነው። ቋሚ ካልሆነ ቤተ ክርስቲያኗ ደብዳቤ አትጽፍለትም፤ ደብዳቤ ከሌለ ደግሞ እሱም፣ ሚስቱም፣ እዚህ ለንደን የተወለደችው ልጃቸውም ሻንጣ ማዘጋጀት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን አልነበረም።

እሱን የሚከታተልና የሚመዝን ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ነን። አንዷ እኔ። ሁለተኛው ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ፣ አውቶቡስ ነጂ ነው። ሦስተኛዋ እንግሊዛዊት ቄስ ናት፤ የምናመልክበት አዳራሽ የእነሱ ነው፣ እሷም አገልጋዮችን በመገምገም ብዙ ዓመት ስለሠራች ምሪን ብለን ለምነናት ነው።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም። ዋናው ፓስተር ደውሎ «እማማ፣ ከምእመናን ወገን አንድ ሰው እንፈልጋለን» ሲለኝ፣ «የተማረ ፈልግ» አልኩት።

«የተማረማ ሞልቷል። ፊት አይቶ የማያዳላ ነው የጠፋው» አለኝ።

እንዲህ ተብዬ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ሥራው መመዘን ብቻ አልነበረም። ልጁ፣ ረዳት ፓስተሩን ማለቴ ነው፣ በወር አንድ ቀን ስቶክዌል ወዳለው ቤቴ ይመጣል፣ ምን እንደከበደው ያጫውተኛል፣ እኔም ያየሁበትን እነግረዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን አርባ ደቂቃ ዘግይቶ መጣ። በሩን ከፈትኩና እዚያው አቆምኩት።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«እማማ ይቅርታ፣ ባቡሩ መሐል ላይ ቆሞ...»

«ባቡሩን አልጠየቅሁህም።»

ስልኩን አውጥቶ ሰዓቱን ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ አስገባሁት።

አንድ ማክሰኞ ደግሞ ሲያገለግል ልየው ብዬ አብሬው ክሮይደን ሄድኩ። እዚያ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንድ የአገራችን አዛውንት አሉ። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ መናገር አይችሉም፣ ጠያቂ ዘመድም የላቸውም። ልጁ እንደ ወጣት ሰባኪዎች ረጅም ጸሎት ያወርድባቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ከኪሱ የጥፍር መቁረጫ አወጣ፣ እጃቸውን ፎጣ ላይ አስቀምጦ ጥፍራቸውን አንድ በአንድ ይቆርጥ ጀመር። እየቆረጠ ወሬ ይነግራቸዋል፤ ትራሙ እንደተበላሸ፣ ኳስ ማን እንዳሸነፈ፣ ሴት ልጁ ስንት ጥርስ እንዳበቀለች። ሲጨርስ አንድ መዝሙር ከዳዊት አነበበና «አሜን» ብሎ ተነሣ። አዛውንቱ እጁን ይዘው አልለቅ አሉ። እንደገና ተቀመጠ።

በትራም ስንመለስ ስላየሁት ነገር አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን አልወድም። ያበላሻል።

መመዘኛው ቀን ሲደርስ ቄሷ ፎርም ሰጠችን፣ አውቶቡስ ነጂው ወደ አማርኛ መለሰው። ጥያቄው አሥር ነው። ስብከቱ ይገባል ወይ፣ የታመመ ይጠይቃል ወይ፣ ምክር ይቀበላል ወይ፣ ሰዓት ያከብራል ወይ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ፊት ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር አለ፤ ደስ ያለህን ታከብባለህ። ስም አይጻፍም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለሠላሳ ሰው አደልን። እኔና አውቶቡስ ነጂውም ከሠላሳው ውስጥ ሆነን ሞላን።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል ተሰበሰብን። ቄሷ ቁጥሩን ደምራ አካፍላ ጨርሳለች። ፊቷ ልክ አልነበረም። አውቶቡስ ነጂው የምትለውን እየተቀበለ ነገረኝ።

«ሦስት ነው ያገኘው እማማ። አማካዩ ሦስት።»

«እሺ፣ ታዲያስ?»

«ታዲያማ ደንቡ ላይ ከአራት በታች ያገኘ እጅ አይጫንበትም። ፈርመንበታል እኮ። ‹ሕዝቡ ካልተቀበለው ምን እናደርጋለን፣ በጣም አዝናለሁ› ነው የምትለው።»

ደሜ ፈላ። «የትኛው ሕዝብ ነው ያልተቀበለው?» ብዬ ወረቀቶቹን ወደ እኔ ሳብኩ። እውነትም ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። እያገላበጥኩ አንዱ ላይ ስደርስ ጭራሽ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ለምልክት እንኳ አንድ አራት የለበትም፣ ሰዓት ያከብራል ወይ የሚለው ላይ ደግሞ ሁለት።

«ይኸው! ይቺን ተመልከቱልኝ፣ ይቺን ምቀኛ! ልጁ ምን አድርጓት ነው?»

አውቶቡስ ነጂው ወረቀቱን ተቀበለኝ። አየው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገው። የሞላው ሰው እስክሪብቶውን ከመጫኑ የተነሣ ወረቀቱ ተበስቶ፣ በክቦቹ ውስጥ ብርሃን ያልፋል።

«እማማ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እዚህ ቤት እስክሪብቶ እንዲህ የሚጫን ሰው ማነው?»

እኔ ስሜን ስፈርም ከሥሩ ያለው ገጽ ላይ ይወጣል። ሁሉም ያውቃል። የራሴ ፎርም ነበር።

ወረቀቱን ተቀብዬ በፊቱ ደፋሁት። ቁጣዬ ባንዴ ሲጠፋ ቄሷ ራሷ ደነገጠች። ምን ሆነች ብላ ጠየቀችው፣ ነገራት።

«ጥሩ አገልጋይ ነው ትላለች፣ ታዲያ ለምን አምስት አልሰጠችውም?» አለች።

«አምስትማ የእግዚአብሔር ነው» አልኩ።

«አራትስ?»

«አራት አገልግሎቱን ጨርሶ ለተቀበረ ሰው ነው። ገና ሠላሳ ዓመት ላልሞላው ልጅ አራት ሰጥቼ ላጠፋው ነው እንዴ? ሦስት ምን ይጎድለዋል? የእኛ አስተማሪ ሦስተኛ ክፍል ሳለን ከአሥር ሰባት ያገኘን ልጅ በሰልፍ ፊት አስጨብጭቦለት ነበር።»

አውቶቡስ ነጂው ይህን ከተረጎመ በኋላ ወለሉን ማየት ጀመረ። «እኔም ሦስት ነው የሰጠሁት» አለ በሁለቱም ቋንቋ። «ከሦስት በላይ ብሰጠው ዘመዱ ነው ይሉኛል ብዬ።»

ቄሷ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በእነሱ ዘንድ ሦስት ማለት የማትፈልገውን ሰው በጨዋ ደንብ የምትሸኝበት ቁጥር ነው አለችን። ሠላሳችንም ልጁን ያመሰገንን መስሎን ነበር። ወረቀቱ ላይ አባረነዋል።

ሻይ ላምጣ ብላ ወጣች። በሩ ገና ሳይዘጋ አውቶቡስ ነጂው ወደ እኔ ተጠጋ።

«እማማ፣ በእያንዳንዷ ላይ አንድ አንድ ብንጨምርስ? የታወቀ ነገር ነው፣ ሰዉ ማለት የፈለገው ያንን ነው። ለእሷም ብንነግራት እሺ ትላለች።»

«ሠላሳ ሰው ሳይጠየቅ ቃሉ አይለወጥም።»

«የልጁ ቪዛ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። በሐሰት አቁመነው ነው እውነት ስበክልን የምንለው? የእኔን እንኳ አትነካትም፣ ሁለቷንም ጭምር። አርባ ደቂቃ አቁሞኛል።»

«ኧረ እርስዎ ነዎት በር ላይ ያቆሙት!»

ሳቄ መጣ፣ ግን አልሳቅሁለትም። ሐሳቤ እናቴ ጋ ሄዶ ነበር። እናቴ የነጋዴ ሚዛን ስትጠረጥር አትጨቃጨቅም። ከቤቷ ልኩን የምታውቀው ድንጋይ ነበራት፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትወስድና «እስቲ መጀመሪያ ይህን መዝንልኝ» ትላለች። ሚዛኑ ከዋሸ እዚያው ይታያል።

ቄሷ ሻዩን ይዛ ስትገባ «ዋናውን ፓስተር እንመዝነው» አልኩ።

አልገባቸውም። አስረዳሁ። ዋናው ፓስተር ሃያ ዓመት አገልግሎናል። ያገባነውን አጋብቶናል፣ የቀበርነውን ቀብሮልናል። ታሞ የተኛ ጊዜ ነርሶቹ ጠያቂ በዛ ብለው በር እስኪዘጉብን ድረስ ነው የተሰለፍንለት። ያው ሠላሳ ሰው፣ ያው ፎርም፣ ይሰጠው። ለእሱ አምስት ከሰጡ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ልጁንም አልወደዱትም ማለት ነው። ለእሱም ሦስት ከሰጡ ጥፋቱ የሚዛኑ ነው። ከሥር ደግሞ ስለ ልጁ ቁጥር የሌለው አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ ይቆይ ወይስ ይሂድ? ለምን?

ቄሷ አውቶቡስ ነጂው ተርጉሞ እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቀችም፣ ጭንቅላቷን በእሺታ መነቅነቅ ጀመረች። ለፓስተሩ የነገርኩት እኔ ነኝ።

«እኔን? በስተርጅናዬ ፈተና?» አለ።

«ካላጠፋህ ምን ያስፈራሃል?»

በዚያው መሐል የልጁ የወር ቀን ደረሰ። ከሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ መጣ። ስለ ግምገማው አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ሻዩን ሳያማስለው ጠጣው፣ ስኳሩ እንዳለ ብርጭቆው ሥር ቀረ። ሊወጣ ሲል በሩን ይዞ ቆመ።

«እማማ፣ ልጅቷ ነርሰሪ መግቢያዋ ደርሷል። ላስመዝግባት ወይስ ልጠብቅ?»

አስመዝግብ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ያልተፈረደ ፍርድ ከአፌ እንዲወጣ አልፈልግም፣ ለደስታም ቢሆን።

«ኮሚቴው ሲጠራህ ትሰማለህ» አልኩት። ደረጃውን ሲወርድ እግሩን ሰማሁት፣ ቀስ እያለ ነበር የሚወርደው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

እሑድ ፎርሙ ታደለ። ሐሙስ ያችው ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ቄሷ ገና ስንገባ ጀምሮ ከንፈሯን ነክሳለች። ወረቀቱን ለአውቶቡስ ነጂው ሰጠችው።

«ዋናው ፓስተር» ብሎ ጀመረና ቆመ። «ሁለት ነጥብ ዘጠኝ።»

ቄሷ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኛም ተከተልናት። ፓስተሩ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲያስተካክል ነበር፣ ሳቁን ሰምቶ ብቅ አለ።

«ስንት አገኘሁ?»

«ከልጁ በነጥብ አንድ ዝቅ ብለሃል» አልኩት።

«እንግዲያው እኔም ሻንጣዬን ላዘጋጅ! ማነው ግን የሰጠኝ?»

«ስም አይጻፍም።»

«እስቲ ወደ ብርሃን አንሡት» አለ። የእስክሪብቶው ወሬ እሱም ጋ ደርሶ ኖሯል።

ከዚያ ከሥር ያለውን ጥያቄ ማንበብ ጀመርን። አውቶቡስ ነጂው ያነባል፣ ይተረጉማል። ይቆይ። ይቆይ። «ይቆይ፣ ስብከቱን ግን ያሳጥር።» አንዷ እንዲህ ጽፋለች፦ «ሂትሮው ኤርፖርት የጽዳት ሺፍቴ የሚያልቀው በዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ልጄ ከትምህርት ቤት የሚወጣውም በዘጠኝ ነው። የብርዱን ወራት ሙሉ እያመጣ ያቆየልኝ እሱ ነው። የት ነው የሚሄደው?» አንዱ ደግሞ በትልልቁ «ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» ብሎ ብቻ ነው የጻፈው። ከሠላሳው ይሂድ ያለ አንድም አልነበረም። የዚያችን እናት ወረቀት አውቶቡስ ነጂው ሁለት ጊዜ አነበበው።

ቄሷ ሪፖርቱን እዚያው ጻፈች። የልጁን ሦስት አልሰረዘችም፤ እንዳለ አስቀምጣ፣ ከጎኑ የፓስተሩን ጻፈች፣ ምክንያቱን አስረዳች፣ የሠላሳውንም ሰው መልስ አያያዘች። ቋሚ ይሁን የሚለው ላይ ሦስታችንም ፈረምን። እኔ ስፈርም አውቶቡስ ነጂው ከሥሩ ያለውን ወረቀት ቀድሞ አነሣው።

ልጁ ተጠራ። ከቆመበት «ተቀመጥ» አልነው፣ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ንግግሩ ለቄሷ ነበር የተተወው፣ እሷ ግን ወደ እኔ አመለከተች።

«ትቆያለህ» አልኩት።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ደረቴ ላይ ሳምንት ሙሉ የተቀመጠው ነገር ያን ጊዜ ወረደልኝ፤ ወንበሩን ደገፍ አልኩ። ፓስተሩ ውኃ ሰጠው። ጠጥቶ ሲያበቃ ዓይኑን ጠረገና ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ግን እርስዎ ስንት ሰጡኝ?»

አውቶቡስ ነጂው ሳል ያዘው።

«ሦስት» አልኩት። «ሰዓት ላይ ሁለት።»

«ሦስት?» አለ፣ ፊቱ በራ። የእኛው ልጅ አይደል፣ ለእሱ መተርጎም አላስፈለገም። «የኔ አባት ከሁለት በላይ ሰጥቶኝ አያውቅም።»

ቄሷ ምን እንዳለ ስትሰማ እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። የሚቀጥለው ዓመት ፎርም ቁጥር አይኖረውም፣ ያን ዕለት ነው የተወሰነው።

«በል አሁን ተነሣ፣ ልጅቷን አስመዝግብ» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። «ቢሮው በአሥር ሰዓት ይዘጋል።»

«ታዲያ እኔን ምን ታያለህ?»

ካፖርቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ ወጣ። በመስኮቱ ሳየው በዝናቡ ውስጥ ይሮጣል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፤ ለሚስቱ እየነገራት መሆን አለበት። ካፖርቱን እሑድ አመጣሁለት። ሚስቱ እንደነገረችኝ፣ ሊዘጉ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደርሷል።