የተዋስኩት ምጥ

እናቶች ሲሰባሰቡ ወሬው ዞሮ ዞሮ ምጥ ላይ ማረፉ አይቀርም። የአንዷ ሁለት ቀን ፈጀ፣ የሌላዋ መኪና ውስጥ መጣ፣ ሌላዋ ደግሞ የሐኪሙን እጅ ነክሳለች። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ "የእኔማ አስራ አራት ሰዓት ነው የፈጀው፤ ባሌን ስሰድበው ነርሶቹ በሳቅ ሞቱ" እላለሁ። ይሄ ታሪክ የእኔ አይደለም። ድሮ ሌላ ሥራ ቦታ አብራኝ ትሠራ ከነበረች ሴት የሰማሁት ነው። አስራ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደራሴ አድርጌ ሳወራው ኖሬያለሁ።

አንድ የክረምት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዉድበሪ የሚባለው ከተማ የሄድነው የሕፃን አልጋ ልንገጥም ነበር። የቤቱ ባለቤት ከደሴ የመጣች የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። እኔ ፕሊማውዝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነርሲንግ አሲስታንት፣ የነርስ ረዳት ነኝ፤ እሷም ሳታገባ በፊት እዚያው አብራኝ ትሠራ ነበር። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ ስምንተኛ ወሯን ልትጨርስ ጥቂት ቀን ቀርቷታል። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ያን ቀን ሩቅ፣ ነብራስካ የሚባለው ስቴት ነበር። ከእኔ ጋር የመጡት ስድሳውን ያለፉ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን።

እማማ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ብሎን እያጠበቁ የራሳቸውን አወሩ።

"የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ሱዳን ጠረፍ፣ በእግር ስንሻገር ነው። ምጡ ሲይዘኝ መንገድ መሪው 'አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም' አለ። እኔ እያማጥኩ የማስበው ሰዓቱን ነበር።"

"በሰዓቱ ደረሱ?" አለች ልጅቷ።

"ደርሼ ነዋ እዚህ ቁጭ ብዬ አልጋ የምገጥመው።"

ልጅቷ ሳቀችና ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ፣ እትዬ?"

እኔም እንደለመድኩት "የእኔማ አስራ አራት ሰዓት..." ብዬ ጀመርኩ። መሀል ላይ ስደርስ አንድ ዓይኗን ጨፍና ግንባሯን በመዳፏ ስትጫን አየኋት። ጣቶቿ አብጠዋል። የጋብቻ ቀለበቷ የለም።

"ቀለበትሽስ?"

"ጠበበኝ። ትናንት በሳሙና ነው ያወለቅኩት።"

"ራስሽን ያምሻል?"

"ትንሽ። እንቅልፍ አጥቼ ነው እንጂ ደህና ነኝ።"

ይቺን 'ደህና ነኝ' ከማንም በላይ አውቃታለሁ።

"ስሚኝ፣ አሁን ሳወራልሽ የነበረው ነገር ውሸት ነው" አልኳት። እማማ ከብሎናቸው ቀና አሉ።

እውነቱን ነገርኳቸው። ልጄን አርግዤ ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን ሲፈልጠኝ ለማንም አልተናገርኩም። ከክሊኒክ ነርሷ ደውላ ስትጠይቀኝ "ፋይን፣ ደህና ነኝ" አልኳት። ድካም መስሎኝ ነበር፤ ደግሞም ስሞታ የማበዛ ሴት እንድመስል አልፈለግኩም። በሦስተኛው ቀን ሥራ ቦታ አንሶላ እያነጠፍኩ ወደቅኩ። ተንቀጠቀጠች፣ አረፋ ደፈቀች አሉ። ስነቃ በማግስቱ ነው። ልጄ በኦፕራሲዮን ወጥታ፣ ታጥባ፣ በሌላ ሰው እጅ ወተት ጠጥታ ነበር። አላማጥኩም፤ የመጀመሪያ ድምጿን አልሰማሁም። ሴቶች "እንዴት ነበር?" ሲሉኝ የምመልሰው ስላጣሁ የሰው ታሪክ ተዋስኩ።

ልጅቷ ያበጡ ጣቶቿን ተመለከተች። ዝቅ ባለ ድምፅ "ጠዋት ቲቪው ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አይቼ ነበር" አለች።

"ምን ነበር የሚያሳየው?" አሉ እማማ።

"ቲቪው አልተከፈተም ነበር።"

የደም ግፊት መለኪያዬ መኪናዬ ውስጥ ነበር። ሮጬ አመጣሁት። ላይኛው መቶ ስልሳ ስምንት፣ ታችኛው መቶ አስራ ሁለት። አምስት ደቂቃ ቆይቼ በሌላው ክንዷ ስለካው ጨምሯል። ክሊኒኳ ጋ ደወልኩ። ነርሷ ቁጥሩን እንደሰማች "አሁኑኑ ሆስፒታል ትግባ፤ አምቡላንስ ጥሩ" አለችኝ።

"በአምቡላንስ አልሄድም" አለች ልጅቷ። "ባሌ ይሰማል። እየነዳ ነው፣ ይደነግጥብኛል።"

ልከራከራት ጊዜ አልነበረኝም፤ ሆስፒታሉም አስራ አምስት ደቂቃ ነው ብዬ መኪናዬ ውስጥ አስገባኋት። ስህተት ነበር። ዛሬ ቢሆን ብታለቅስም እጠራለሁ።

በረዶው ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። ናይንቲ ፎር አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ ፊታችን የበረዶ መጥረጊያ መኪኖች ጎን ለጎን ሆነው መንገዱን ዘግተው በቀስታ ይሄዳሉ። ማለፍ አይቻልም። ከኋላ እማማ ጭንቅላቷን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው ማርያም ማርያም ይላሉ፤ እሷ ያ አላህ ትላለች። እኔ ዝምታዋን ስለፈራሁ አስወራት ጀመር።

"ስንት እህትና ወንድም አለሽ?"

"ስድስት።"

"ከታላቁ ጀምረሽ ቁጠሪልኝ።"

ቆጠረች። አራተኛው ላይ ስትደርስ የሁለተኛውን ስም ደገመች። እንደገና ጀመረች፣ ሦስተኛው ላይ ቆመች። ከዚያ ድምፅ ጠፋ። በመስታወቱ ላያት ብሞክር የእማማ ነጠላ ሸፍኗታል። 

"እማማ?"

"ትተነፍሳለች። አንቺ ፊትሽን አይተሽ ንጂ።"

ሆስፒታሉ በር ላይ መኪናዬን እንደበራ ጥዬ ገባሁ። በዊልቸር ወሰዷት። የላይኛው ግፊቷ መቶ ሰማንያን አልፏል። እንዳያንቀጠቅጣት ክንዷ ላይ ማግኒዚየም የሚባል መድኃኒት ሰኩላት። አንዲት ሴት ሐኪም አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ በስልክ አስተርጓሚ በኩል፣ ከእርግዝናው የመጣው የግፊት ሕመም የሚቆመው ልጁ ሲወጣ ብቻ እንደሆነና የልጁም የልብ ምት እየቀነሰ ስለሆነ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን መደረግ እንዳለባት ነገረቻት።

"ባሌ ሳይመጣ አልፈርምም" አለች።

ደወልኩለት። መኪናውን ዳር አስይዞ አነሳው። የሆነውን ባጭሩ ነገርኩትና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። ያላትን ሁሉ አልሰማሁም። መጨረሻ ላይ ብቻ ድምፁ ከፍ ብሎ "እኔን አትጠብቂኝ፤ እኔ ልጠብቅሽ" ሲላት ሰማሁ። ፈረመች።

አብሮ መግባት የሚቻለው ለአንድ ሰው ነበር። እማማ "ግቢ" ብለው ጀርባዬን ገፉኝ። አረንጓዴ ልብስ አለበሱኝ፤ ራስጌዋ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ። ከደረቷ በታች መጋረጃ ተጋርዷል። ወገቧ ላይ የወጓት መርፌ ስላደነዘዛት ሕመም የላትም፤ ጥርሶቿ ግን ይንቀጫቀጫሉ። "አለሁ፣ አለሁ" እላት ነበር።

ልጁን አወጡት። ሴት ናት አሉ። ለቅሶ ግን የለም።

ነርሶቹ ጥግ ላይ ያለውን ትንሽ ጠረጴዛ ከበው ቆሙ፤ የማየው ጀርባቸውን ብቻ ነው።

"ለምን አታለቅስም?" አለችኝ ልጅቷ።

"እየጠረጉላት ነው" አልኳት። ምን እያደረጉላት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሰከንዱን ሲቆጥር አየሁና ዓይኔን ወደ ጠረጴዛው መለስኩ። በትከሻቸው መሀል አሾልኬ ሳይ አንደኛዋ ነርስ በጣቶቿ የሕፃኗን ደረት ትጫናለች፤ ሌላዋ ትንሽ ጭንብል ይዛለች። ልጅቷ እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው።

ከዚያ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ያለች ቀጭን ድምፅ ተሰማች። ቆየችና ደገመች። ሦስተኛው ላይ እውነተኛ ለቅሶ ሆነ። ያኔ ለሕፃኗ ብቻ አይደለም ያለቀስኩት።

ሕፃኗ ትንሽ ስለነበረች ማሞቂያ ውስጥ ተኝታ ሦስት ሳምንት ቆየች። የእናቷ ግፊት በሁለተኛው ቀን ወረደ። አባትየው በነጋታው ጠዋት ጫማው ላይ በረዶ እንደያዘ ገባ፤ የሚስቱን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ይዞ ቆመ። እማማ እጁን ሳይታጠብ ወደ ሕፃኗ አላሳልፍም አሉት።

ከዚያ ቅዳሜ ማግስት፣ እሑድ፣ እቤቴ ስገባ ልጄ ወጥ ቤት ቆማ ኮርንፍሌክስ በወተት ትበላ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ የሷን አወላለድም ጭምር። እስከዛሬ ለሷም ያወራኋት የአስራ አራት ሰዓቱን ነበር። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ሶ፣ ዩ ዎርንት ኢቭን አዌክ?"

"አዎ፣ ያኔ ነቅቼ አልነበርኩም።"

"እና መጀመሪያ ማን ያዘኝ?"

አስቤው አላውቅም ነበር። "አንዲት ነርስ" አልኳት። "ስሟን አልጠየቅኩም።"

አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት ምን እንደነበረ ጠየቀችኝ። ያን አስታውሳለሁ። ከጣሪያው መብራት ጀመርኩላት።