እብጠቱ እስኪጎድል

አምና ክረምት ሊገባ ሲል የሆነ ነው። ዛሬም ቅርንፉድ በሸተተኝ ቁጥር ተነስቼ እወጣለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ጀማል አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር አካባቢ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። የታች መንጋጋ ጥርሱ ከተቦረቦረ ቆይቷል። ሲያመው ቅርንፉድ ይነክስበታል፣ ማስታገሻ ይውጣል፣ በቃ፣ ተመልሶ መኪና ስር ይገባል። "ታከመው እንጂ!" ስለው "አንቺ ደግሞ! ጥርስ ነው እኮ፣ ጉበት አይደለም" እያለ ይስቅብኛል።

አንድ ቀን ጉንጩ አብጦ ተነሳ። ካዛንቺስ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ልወስደው ስል እናታችን በር ላይ ቆመች።

"ልጄን ልታስገድይብኝ ነው? ያበጠ ጥርስ አይነቀልም! መጀመሪያ እብጠቱ ይጉደል።"

ጎረቤቱም፣ የጋራዥ ጓደኞቹም ያንኑ አሉ። ጀማል ራሱ መርፌ ሲፈራ ለጉድ ነው፤ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። እማዬ ጨው አሙቃ፣ በጨርቅ ቋጥራ ጉንጩን ትተኩሰው ጀመር። እኔ ብጮህ ማን ሊሰማኝ!

በማግስቱ ሕመሙ ድንገት ለቀቀው። "አልሐምዱሊላህ" ተባለ። ሾርባ ጠጣ፣ ቀለደብኝም። እብጠቱ ግን ወደ አገጩ ስር ወርዶ አንገቱን ያዘው፤ ሲነኩት እንደ እንጨት ደርቋል። ከሰዓት በኋላ ምራቁን መዋጥ አቃተው። ላዳ ይዘን ወደ ሆስፒታል ስንሄድ እጄን ጨምቆ "አየር አጠረኝ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም።

ሐኪሟ ለምን እንደቆየን ጠየቀችን።

"እብጠቱ እስኪጎድል ብለን ነው፣ ልጄ" አለች እማዬ።

"እናቴ፣ ያበጠ ቀን ነበር መምጣት ያለበት። ሕመሙ የለቀቀው ስለዳነ አይደለም፤ መግሉ ከጥርሱ ስር ወጥቶ ወደ አንገቱ ስለሄደ ነው" አለቻት።

አንገቱን ቀደው መግሉን አወጡለት። አልሆነም። የጀማልን ሬሳ ከዚያው ሆስፒታል ተቀበልን።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ "በጥርስ ሰው ይሞታል እንዴ?" ይል ነበር። ይሞታል! ጉንጩን የያዘ ሰው ታክሲ ውስጥ ካየሁ፣ ባላውቀውም፣ "ዛሬውኑ ሂድ" ሳልለው አልወርድም። እብድ ቢለኝም ይበለኝ።

እማዬ ግን ሌላ ወሬ እያወራን ድንገት ታቋርጠኝና "ያን ቀን ከበሩ ዞር ብልላችሁ ኖሮ ይድን ነበር?" ትለኛለች። "የአላህ ውሳኔ ነው፣ እማ" እላታለሁ።

ለእሷ እንዲህ እላለሁ። ለእናንተ ግን አልዋሽም፤ ይድን ነበር።