ብርዝ የተነፈገ እንግዳ

ጥሩሐረግ ንቧን የወረሰችው ከባሏ ነው። ባሏ ሲሞት «ንብ የወንድ ሥራ ነው፤ ሽጪው» ያሏት የአገሯ የደሃና ሰዎች ዛሬ ንብ ሲኮበልልባቸው የሚሮጡት ወደ እሷ ነው። እኔ ሰላሕ እባላለሁ፤ ሰቆጣ ላይ ማር እነግዳለሁ። የሌላውን ማር ቀምሼ ነው የምገዛው፤ የእሷን ግን ሳልቀምስ።

ማሯን ነጭ የሚያደርገው ከቀፎዎቿ በላይ ያለው ጋራ ነው። ሰፈርተኛው ከብት እንዳይገባበት አግዶ ያቆየው፣ ክረምት ሲወጣ በነጭ አበባ የሚሸፈን ጋራ ነው። አንድ የውጭ ኩባንያ ግን ከአበባው ሥር እምነበረድ አየ።

መጀመሪያ የመጡ ዕለት እኔም ነበርኩ። ኩባንያው የላከው ፈረንጅ ስለ ሥራ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ አወራ። የኔሰው የሚባል የኩባንያው ጉዳይ አስፈጻሚ፣ አፈ ቅቤ ሰው፣ ይተረጉማል። ሕዝቡ ዝም አለ። እንግዳን ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት በእኛ ነውር ነው። ጥሩሐረግም ብርዝ በጥብጣ አጠጣቻቸው። ብርዝ አያሰክርም፤ እኔም ጠጥቻለሁ። የኔሰው ግን እንደ ሰከረ ሰው «ሕዝቡ በማር ተቀብሎን ተስማምቷል» ብሎ አስወራ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የእኛ ዝምታ ጋራ ሊያስንድ ነበር! ስሰማ ደሜ ፈላ።

ይባስ ብሎ ልጇን ኪዳኑን ቀጠሩባት። ተምሮ ሥራ ያጣ ጎልማሳ ነው፤ አልፈርድበትም።

«እማ፣ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?» አላት።

«የለህም። አውቃለሁ» አለችው።

ኩባንያው ሊፈራረም ሲመለስ ሰዉ የመንደሩ ሸንጎ ከሚቀመጥበት ወይራ ሥር ተሰብስቧል። የኔሰው እየሳቀ «እናቴ፣ ያንን ብርዝዎን ይዘው መጡ?» አላት።

ጥሩሐረግ ብርዝ የሞላውን ቅል እንዳቀፈች ተነሳች። ለመጠጫ የቀረቡትን ዋንጫዎች ግን ሳትቀዳ በየእንግዳው ፊት በአፋቸው ደፋቻቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ያዙ። በዚህ አገር ደጅ የደረሰ ደመኛ እንኳ ውሃ አይነፈግም።

«ተርጉምለት!» አለችው የኔሰውን። «መንገድ ይሥራ፤ ደስ ይለናል። ሰቆጣ ላይ ማር ማሸጊያ ያቁም፣ ልጆቻችንን ይቅጠር፣ ማራችንን ወስዶ ለዓለም ይሽጥ። ገንዘቡን አልጠላነውም። ድንጋዩ ግን አንዴ ተሸጦ ያልቃል፤ አበባው በየዓመቱ ይመለሳል። ጋራችን አይነካም!»

ፈረንጁ የተደፋውን ዋንጫ እያየ ስለነበር አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ኪዳኑ ከኩባንያው ሰዎች መሃል ተቀምጧል። የእሱንም ዋንጫ ደፍታበታለች።

«እማ፣ ለእኔም?» አላት በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ።

«ከእነማን ጋር ነው የመጣኸው?»

ኪዳኑ የኩባንያውን ሰደርያ አውልቆ ወንበሩ ላይ ተወውና ከእኛ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ሽማግሌዎቹም አፋቸው የተከፈተው፤ «አይሆንም» አሉ፣ አንዱ ከሌላው እየተቀበለ። መኪናዎቹ ሳያስፈርሙ ተመለሱ። ነገ ይመጡ ይሆናል። ይምጡ! አሁን መናገር ለምደናል።

ጥሩሐረግ የልጇን ዋንጫ አንስታ ቀዳችለት። ከነገ ጀምሮ ሥራ እንደሌለው ታውቃለች።

«ጠጣ፣ ልጄ» አለችው።