ጥርስ ያረፈበት ካቻቢቴ

ትናንት ለቆራሌው ልትሰጠው ያወጣኸውን ካቻቢቴ መልሼ ያስገባሁት በስስት አይደለም። ወደ አፍንጫህ አስጠጋው፤ እጀታው እስከ ዛሬ ግራሶ ግራሶ ይሸታል። እንጨቱንም በአውራ ጣትህ ዳብሰው። ጎድጎድ ጎድጎድ ያለው ቦታ ይሰማሃል? እኔም በወጣትነቴ አይጥ የበላው ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ የአያትህ ጥርስ ነው።

አባቴ ዕድሜውን የፈጀው በሽመና አዳራሽ ውስጥ ማሽን ሲጠግን ነው። ማሽንን በጆሮው ያውቅ ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ በሚሠራው ብረት ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ጡረታ ሲወጣ አንድ አሮጌ ውይይት ገዛ። አንተ ውይይት ላይ አልደረስክም፤ ከኋላው ሁለት አግዳሚ ወንበር የተገጠመለት፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ የሚሄድበት ታክሲ ነበር። ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ሥራ አልነበረኝም፤ ረዳቱ ሆንኩ። ከአቃቂ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ አቃቂ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደግሞ መኪና ያለው ጎረቤት ሁሉ በራችን ላይ ይቆማል። "ጋሼ፣ እስቲ ይስሙልኝ" ይሉታል። አባቴም ካቻቢቴውን ይዞ ኮፈኑ ሥር ይጎነበሳል።

ሥራ የጀመርኩ ቀን "አትጩህ" አለኝ። "ወራጅ ሲኖር ቆርቆሮውን በመዳፍህ ምታ። የእኔ ረዳት እንደ ፍየል ነጋዴ አይጮህም።" ጨዋነት መሰለኝ፤ ኮራሁበትም። የባቡር ሐዲዱ ጋ ስንደርስ ሌላው ሹፌር ፊሽካ ካልሰማ ዝም ብሎ ያልፋል፤ አባቴ ግን ሁልጊዜ ቀጥ አድርጎ ያቆምና ግራና ቀኝ ያያል። ያንንም ጥንቃቄ ነው አልኩ።

ድምፁ የጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ ንብ ቀፎ እምምም ይል ነበር። ስንፈጥን ይጨምራል፣ ስንቀንስ ይቀንሳል። አባቴ ፍሪሲዮን ረግጦ መኪናው በራሱ ሲንከባለልም አይቆምም፤ ስለዚህ ሞተሩ አይደለም። ይህን ያህል ከእሱ ተምሬ ነበር። የጎማ መስሎኝ የፊቶቹን ጎማዎች ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት አዛወርኩ፤ ምንም አልተለወጠም። ወደ ቀኝ ስንታጠፍ፣ ክብደቱ ወደ ግራ ሲያጋድል ግን ይብስበታል። የፊት ግራ እግሩ ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

"አባዬ፣ የፊት ግራው ይጮሃል" አልኩት።

"ምን?"

"ይጮሃል!"

"አስፋልቱ ነው" አለና ማርሽ ቀየረ።

ውሎ አድሮ እምምታው ዋይታ ሆነ። ተሳፋሪው ቀልድ ጀመረ። "ረዳት፣ ቃሊቲ ነው ያልከን ቦሌ? ይሄ ነገር ሊነሳ ነው መሰለኝ" ይላል አንዱ የፋብሪካ ሠራተኛ። ሌላው ይቀበልና፣ "ክንፉን አስረህልናል? ኋላ በአቃቂ ወንዝ ላይ እንዳንበር!" ሁሉም ይስቃሉ። አባቴ በመስታወቱ ሲስቁ ያያቸውና፣ በምን እንደሚስቁ ሳያውቅ፣ አብሯቸው ፈገግ ይላል።

ያ ፈገግታ አንጀቴን በላው። አለመስማቱ የገባኝም ያኔ ነው። ቆርቆሮውን ምታ ያለኝ፣ ሐዲዱ ጋ የሚቆመው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ግን ምን ላድርግ? የሰፈሩ መኪና ሁሉ በጆሮው የሚታከምለትን ሰው፣ "አባዬ፣ አትሰማም" ልበለው? በድብቅ እንዳልጠግናት ደግሞ፣ ጎማ ከማዛወር ባለፈ ያለ እሱ መኪናዋን የሚፈታ ሰው የለም። ሰው ጭነን በዚያ ዋይታ እንሄዳለን፤ እኔ ከኋላ በሩን ጨብጬ ጎማው እንዳይነቀል እጸልያለሁ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

በመጨረሻ ወደ አንድ መካኒክ ሄጄ ለመንኩት። አባቴ ፋብሪካ ውስጥ ሙያ ያስተማረው፣ በኋላ ቃሊቲ መንገድ ላይ የራሱን ጋራዥ የከፈተ ሰው ነው። መጣ። አባቴ እየነዳ፣ እሱ ጋቢና ከጎኑ ተቀምጦ፣ እስከ ድልድዩ ደርሰን ተመለስን። መኪናዋ መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ነበር። መካኒኩ ወረደና መሬት መሬት እያየ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

"ልጁ ድምፅ አለ ይላል፤ አንተ ሰማህ?" አለው አባቴ።

"እርስዎ ያልሰሙትን እኔ ከየት እሰማዋለሁ ጋሼ?"

አባቴ ዞር እንዳለ መካኒኩ ክንዴን ጨመደደኝ። "ኩሽኔታው አልቋል። ጎማው ተነቅሎ ሳይሄድ ቶሎ በሉ!"

"ታዲያ ለምን አልነገርከውም?"

"እኔ? እኔ ነኝ የምነግረው? ልጁ አንተ ነህ፣ አንተ ንገረው።"

ሁለት ጤነኛ ሰዎች ተፋጠን ቆምን። ልብ በል፤ ለትልቅ ሰው መነሳትና ጎንበስ ማለት ጥሩ ነገር ነው፤ አንተንም ያሳደግኩህ በዚያ ነው። እውነትን ከእሱ መደበቅ ግን አክብሮት አይደለም፤ በሰው መሃል ብቻውን መተው ነው። ይህን ዛሬ እንዲህ አቀላጥፌ እነግርሃለሁ። ያን ቀን ምላሴ አልተፈታም።

የተናገረችው አንዲት ደንበኛችን ናት፤ ሽንኩርት ነጋዴ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጆንያዋን ጭና ጥቂት እንደሄድን፣ ቆርቆሮውን ራሷ መታችው። አባቴ አቆመ። ወርዳ ወደ ጋቢናው መስኮት ሄደች።

"ጋሼ፣ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ። እንዲህ እየጮኸ አልሄድበትም። አይቀየሙኝ።"

አባቴ አፏን ያይ ነበር። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወረዱ፤ ማንም ወደ እሱ አላየም። ጆንያዋን አወረድኩላት። ጥላችን መንገዱ ላይ ረዝሞ ተኝቷል፤ ከፊት ግራው ጎማ የተቃጠለ ግራሶ ሽታ ይመጣል። አባቴ ወርዶ ዞረና የእጁን ጀርባ ቸርኬው ላይ አስነካ፤ አቃጥሎት ወዲያው አነሳው።

"ክሪክ አምጣ" አለኝ።

አንስተን ጎማውን ከመሬት አላቀቅነው። ካቻቢቴውን አወጣና ጫፉን ከጎማው ጀርባ ካለው ብረት ላይ አስደገፈ። እጀታውን ወደ ጆሮው ይወስደዋል ብዬ ስጠብቅ ነከሰው። አፉ ስለተያዘ በእጁ አሽከርክር አለኝ። አሽከረከርኩ። ዓይኑን ጨፈነ። ጎማው እየተፈጨ ሲዞር ፊቱ ቀስ እያለ ሲጠቁር አየሁት። ካቻቢቴውን ከአፉ አውጥቶ ምራቁን በእጅጌው ጠረገ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከመስቀል በፊት ጀምሮ።"

"ሁላችሁም ትሰሙ ነበር?"

የሚዞረውን ጎማ በእጄ ይዤ አቆምኩት።

"እሱም?" አለኝ፣ መካኒኩን ማለቱ ነው።

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። አባቴ መንገዱ ዳር አፈሩ ላይ ተቀመጠ።

"ፋብሪካ እያለሁም በመጨረሻው ንዝረቱን በጥርሴ ነበር የምሰማው" አለ። "የእሑዶቹንም ኮፈኑ ሥር ተጎንብሼ፣ ማንም ሳያየኝ ነው። እየነዳሁ ግን ምኑን ልንከስ?"

ጎኑ ተቀመጥኩ፤ ሚኒባሶች አቧራ እያለበሱን አለፉ።

በማግስቱ መካኒኩ አዲስ ኩሽኔታ፣ ጎማው የሚዞርበትን ባለ ኳስ ቀለበት፣ ይዞ መጣ። አሮጌው ሲወጣ በሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኖ፣ ኳሶቹ ተፈቅፍቀው ነበር። መካኒኩ ቀና ማለት አቃተው። አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ደህና አድርገህ ግጠመው። ሁለተኛ ደግሞ እንዳትዋሸኝ።"

ሊሞክረው ሲነዳ ከጎኑ ተቀመጥኩ። "ምን ይላል?" ብሎ ዓይኑን ወደ አፌ ወረወረ።

"የጎማና የአስፋልት ድምፅ ብቻ።"

ቤት ስንደርስ ቁልፉን ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። "መንጃ ፈቃድ አውጣ። እስከዚያ ትቁም። ከእንግዲህ የሰማኸውን እንደሰማኸው ንገረኝ፤ አታሳምርልኝ።"

መንጃ ፈቃዱን አወጣሁ። እኔ ስነዳ እሱ ጋቢና ተቀምጦ "ምን ይላል?" ይለኛል፤ እነግረዋለሁ። እሑድ በራችን ላይ የሚቆም መኪና ግን ቀረ፤ ራሱ ነበር "ሌላ ሰው ፈልጉ" ያላቸው።

ከዓመታት በኋላ አልጋ ያዘ። አመሻሹ ላይ፣ ከንፈሬ እንዲታየው፣ ብርሃን ባለበት በመስኮቱ በኩል እቀመጥና የምሰማውን ሁሉ እነግረዋለሁ። ረዳት ይጣራል። ባጃጅ አለፈ። የጎረቤት ሬዲዮ ዜና ላይ ነው። ወንዙ ዳር ውሻ ይጮሃል።

"ባቡሩስ?" አለኝ አንድ ቀን።

ቤታችን ከሐዲዱ ብዙ አይርቅም፤ ባቡሩ ግን መምጣት ካቆመ ቆይቷል፤ ሐዲዱ መሃል ሣር በቅሎ ነበር። ከሩቅ ይሰማል ልለው አሰብኩ። ዓይኑ ከንፈሬ ላይ ነበር።

"አይሰማም አባዬ። ባቡሩ መምጣት ከተወ ቆየ። ማንም አይሰማውም።"

ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ለቀቀ።

"እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር" አለና ትራሱ ላይ ተመቻችቶ ዓይኑን ጨፈነ።